«አለ» የሚልልኝ ሰው

ከደሴ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ሌሊት እንዳልወጣ ሰዓት እላፊ አለ፤ ረፍዶ እንዳልወጣ ደግሞ ሰው ያየኛል ብዬ አፈርኩ። ቤት መልቀቅ ምን ያሳፍራል ትሉኝ ይሆናል። እናንተ የደሴ የሰኞ ገበያ ሰዎች ግን ታውቁታላችሁ፣ የሰው ጓዳ አስፋልት ላይ ሲዘረጋ ቆሞ የማያይ የለም። የተቀደደው ፍራሻችን፣ እግሩ በሽቦ የታሰረው አልጋችን፣ ክዳን የሌለው ሳጥናችን፣ ይህ ሁሉ ኤንትሬ ጭነት መኪና ላይ ተከምሮ ፀሐይ እንዲወጣበት አልፈለግሁም።

ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ዕቃ ያሸከመኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፣ ጎረቤቴ አያ ገበየሁ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር እሱ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እኔ ቤት ብርጭቆው ይንጫጫል። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፣ ለሁለታችንም ቅሬው አንድ። ቅሬ ማለት ከሌላ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ፣ እናንተ እድር የምትሉት ነው። ሰው ሲሞት ቅሬተኛው ይወጣል፣ ይቆፍራል፣ ይቀብራል፤ ከቀብር መልስ ደግሞ ሜዳ ላይ ቆሞ የአባላቱ ስም አንድ በአንድ ይጠራል። «አለሁ» ያላለ ይቀጣል።

እናቴ እመት ሐዋ ጋቢና ውስጥ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሞተሩ ሲነሳ በመስኮቱ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

«ሰይዴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አገሩን ልቀቅ፣ ግድ የለም፣ እንጀራህ ነው። ከቅሬው ግን ስሜን እንዳታስወጣ። እኔን አባትህ ጎን የሚያሳርፉኝ እነሱ ናቸው። ቆላ ወርጄ በማያውቀኝ ሰው ትከሻ አልሄድም።»

ደምቡ ቢሆን አገር የሚለቅ ሰው ቅሬውን ሰብስቦ ይሰናበታል፣ ስሙም ይሰረዛል። እኔ ከቀበሌው መሸኛ ተቀብያለሁ፤ ያለ መሸኛ፣ ፋብሪካ በተቀጠርኩበት ኮምቦልቻ ላይ ስኳርም ሳሙናም አይሰጥም። ከቅሬው ግን አልተሰናበትኩም። አያ ገበየሁ ገመዱን እያጠበቀ ሰምቶን ኖሮ ሳቀ።

«ምን ያስጨንቃችኋል? ስሙ ሲጠራ እኔ «አለ» እላለሁ። መቆፈሪያውንም ሁለት ጊዜ አነሳለሁ። አንቱ ብቻ ደህና ይግቡ፣ እመት ሐዋ።»

እንዲህ ተባብለን ተለያየን። መኪናው የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጉሙ ከላያችን ቀረ፤ እኔም ጃኬቴን አወለቅሁ።

ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሄደህ ስደት ትላለህ ወይ ብሎ የሚስቅብኝ አለ። ይሳቅ። ደሴ ላይ በነሐሴ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን የምንተኛ ሰዎች፣ ኮምቦልቻ ወርደን እርቃናችንን ተኝተን ላብ ሲያጠምቀን፣ እናቴ በሽታ ይዞኛል ብላ ኑዛዜ ጀመረች። ወባ መሰላት። ሙቀት ነው ብላት «እንዲህ ያለ ሙቀት ጀሀነም ነው እንጂ አገር አይደለም» አለችኝ። እዚያ ባቄላና ድንች የለመደ አፋችን እዚህ የማሽላ እንጀራና ፓፓያ ገጠመው። ፓፓያው ከሐርቡ በአህያ ጭነት ይመጣል፣ ርካሽ ነው፤ እናቴ ግን አንዴ ቀምሳው «ሳሙና ሳሙና ይላል» ብላ ገፋችው። ሰዉም ሌላ ነው። ደሴ ላይ ሰላምታ ብቻ ግማሽ መንገድ ያስመሽሃል፤ እዚህ የፋብሪካ ሰው እጁን ከሩቅ አንስቶ ያልፍሃል፤ ሺፍት ይገባበታላ።

ሺፍት የሚሉት ነገር እንቅልፍህን ከጸሐይ ጋር የሚያጣላ ነው። እኔ ስፒኒንግ ክፍል ነበርኩ፣ ክር የሚፈተልበት። ጫጫታው እንደ ጉድ ነው፤ ፎርማናችን አፉን ሲያንቀሳቅስ አይቼ ገምቼ ነው የምሠራው። ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ማሽኑ አብሮኝ ይወጣል፣ ጥጡ ደግሞ ቅንድቤ ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያ አከራያችን ወይዘሮ ዘነቡ ይባላሉ። ባለቤታቸው የሞቱ፣ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ የቀረ፣ ኮስተር ያሉ ሴት ነበሩ። በመብራት ተጣላን።

«አንተ ሰው፣ አምፖሉን ለምን ታበራለህ?»

«ጨልሞ ነዋ፣ እትዬ።»

«ሲጨልም ሰው ይተኛል።»

«እኔ እኮ ከሺፍት የምገባው ሲጨልም ነው።»

«እንግዲያስ ስትገባ ተኝተህ ግባ።»

በዚህ ላይ አምፖሉን ነቅለው ወሰዱት። እኔም ተናድጄ፣ ወዴት እንደምሄድ እንኳ ሳልነግራቸው፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ሌላ ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። የሄድንበትን የነገርነው ሰው የለም፤ ለደሴም አልላክንም። መጀመሪያ፣ ወይዘሮ ዘነቡ ቤት ሳለን፣ በየወሩ ወደ ደሴ እወጣ ነበር፤ አያ ገበየሁ ቤት እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ከዚያ ኦቨርታይም መጣ፣ ከዚያ ሚስት አገባሁ፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ ከመቅረቴ የተነሳ አፈርኩ። ማፈር እንዲህ ነው፣ በቀረህ ቁጥር ይጨምራል። እናቴ ግን አንድም ቀን አልተጨነቀችም። ጉልበቷ ሲያማት፣ ትኩሳት ሲነሳባት፣ ሁልጊዜ ቃሏ አንድ ነው። «ገበየሁ እዚያ አለልን።»

ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን ፎርማኑ ትከሻዬን ነክቶ ወደ ቢሮ ጠቆመኝ። የፐርሶኔሉ ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከፊቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ዘርግቷል። ቢሮው ውስጥ ሌሎች ሠራተኞችም ነበሩ፤ ድምፁን ግን አልቀነሰም።

«ጓድ ሰይድ፣ ዕዳ አለብህ። ደሴ ላይ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ በሌለህበት ፈርዶብሃል። ፋብሪካውን ከመሸኛህ አይተው፣ ከደሞዝህ እንዲቆረጥ አዘዋል።»

«የምን ዕዳ? ከማንም አልተበደርኩም።»

«ብድር አይደለም። ቀብር ነው።»

«የማን ቀብር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ቅሬህ ነው የከሰሰህ። ሰው ሲሞት አትሄድም ማለት ነው? የሞተው ብዙ ነው መሰለኝ፣ ቅጣቱ በዝቷል።» ወረቀቱን ገለበጠው። «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት ይላል መጨረሻው።»

ጥግ የተቀመጠችው ታይፒስት አፏን በእጇ ሸፈነች። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ግን አልሳቀም፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። በእኛ አገር ሌባ ቢሉህ ትምላለህ፣ ሰካራም ቢሉህ ትቆጣለህ። ሰው የማይቀብር ሲሉህ ግን ምን ትላለህ? በዚያች ቀን ምሳ ሰዓት አብረውኝ የሚበሉት ልጆች ከአጠገቤ ያልተነሱ ይመስለኛል፣ እኔ ግን ራሴ ተነስቼ ለብቻዬ በላሁ።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ አያ ገበየሁ ነው። «አለ እላለሁ» ያለኝ ማን ነበር? ደከመው፣ ሰለቸው፣ ወይም ሌሎች ወጥረው ያዙትና ከዳኝ አልኩ። ቢደክመው እንኳ አንድ ሰው አይልክብኝም? ደግሞስ መጥሪያው የት ገባ? የፐርሶኔሉ ሰውዬ እንደነገረኝ መጥሪያው ወደ መጀመሪያው የኪራይ ቤቴ ተልኳል። በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ዘነቡ ሄድኩ። አጥር ግቢያቸው ላይ ማሽላ ሲያሰጡ አገኘኋቸው።

«እትዬ ዘነቡ፣ በአንድ አምፖል ይህን ያህል ጉድ ይሠራል? ሰው ፈልጎኝ ሲመጣ ምን አሉት?»

«አሰብ ሄዷል አልኩት» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አሰብ!»

«አዎ፣ አሰብ። ሁለት ጊዜ መጡ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሰው መጣ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወረቀት የያዘ። ወረቀት ይዞ ወንድ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚመጣ አላውቅ መሰለህ? የኔንም ልጅ እንዲሁ በወረቀት ጠርተው ነው የወሰዱት። የት እንዳለህ ባውቅም አልነግራቸውም ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እናትህ ደህና ናቸው?»

ለካ ሴትዮዋ ሊጎዱኝ ሳይሆን ሊደብቁኝ ነው። ያለ አምፖል ያስተኙኝ ሴት እኔም እንደ ልጃቸው እንዳልወሰድ ዋሹልኝ። ሁለት ጊዜ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ መጣ ያሉት ነገር ግን ጆሮዬ ውስጥ አልቀረም፤ ንዴቴ ገና አልበረደማ።

በሳምንቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ደሴ ወጣሁ። ለእናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ «የቅሬው ነገር ትንሽ ተዛብቷል፣ ላስተካክል ነው» አልኳት። ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ስሜ ወጣ?» አለችኝ። አልወጣም ብዬ ማልኩላት። ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲቀበለኝ የናፈቅሁት ብርድ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ እኔ ግን በመንገዱ ሁሉ አያ ገበየሁን ስረግም ነበር። ምን ብዬ እንደማፋጥጠው ቃላት እያዘጋጀሁ ፒያሳ ደረስኩ።

ሸንጎው የተሰየመው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፣ ካኪ የለበሰ። የቅሬው ዳኛ አባ ይማም በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከጎን ተቀምጠዋል። ሳያቸው ልስማቸው ተጠጋሁ፤ እጃቸውን ሰጡኝ እንጂ ወደ ትከሻቸው አልሳቡኝም።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አዳራሹ እንዲሰማኝ ፈልጌ፣ «ፍርዱ በሌለሁበት ነው የተሰጠው፣ ይነሳልኝ። መጥሪያ አልደረሰኝም። ደግሞም እኔ ቅሬዬን አልካድኩም፣ ሰው አቁሜያለሁ። አያ ገበየሁ በቦታዬ ሊቆምልኝ ቃል ገብቶልኛል። ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። ይጠራልኝና ፊት ለፊቴ ይናገር!»

ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ በሥላሴ!» አለች። ሊቀመንበሩ ወደ አባ ይማም ዞረ። አባ ይማም በትራቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት ላይ አቆሙት።

«ልጄ፣ አልሰማህም ማለት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ላኢላሀ ኢለላህ። ገበየሁ እኮ ሞቷል። የመጀመሪያው ቅጣትህ የሱ ቀብር ነው።»

አንድ ሰው ወንበር ገፋልኝ መሰለኝ። አባ ይማም ቀጠሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«አንተ ከሄድክ ጀምሮ ስምህ ሲጠራ «አለ» ይል ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፣ ዝም አልነው። በእስላሙ ጀናዛ የራሱን ቆፍሮ ሲጨርስ «ይህ ደግሞ የሰይድ ነው» ብሎ እንደገና ይጀምራል። እሱ የሞተ ቀን ግን ከቀብር ተመልሰን ስም ተጠራ። ያንተ ስም ላይ ስንደርስ ሁሉም ዝም አለ። ማን ይመልስ? መላሹን ቀብረነው መምጣታችን ነው። ወላሂ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት። መርዶህን ልነግር ራሴ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ አሰብ ሄዷል አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስንት ሰው ሞተ፣ ስምህ በተጠራ ቁጥር ዝምታ ነው። ደምብ ደምብ ነው፣ ልጄ።»

እኔ ምን ልበላችሁ። ሰውዬውን ሲረግም የመጣ አፍ፣ ይጠራልኝ ያለ አፍ፣ ለቅሶ ሊያሰማ አልቻለም። ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «መጥሪያው እጅህ ካልገባ፣ ፍርዱ ሊነሳልህ ይችላል። ማመልከቻ አስገባ።»

«አይነሳ» አልኩ። «ከደሞዜ ይቆረጥ።»

«ገንዘቡ ቀላል ነው» አሉ አባ ይማም። «ከፈልክም አልከፈልክም፣ ስምህ ሲጠራ የሚመልስ ሰው ያስፈልገናል። ወይ አንተ ና፣ ወይ ሰው አቁም። አለዚያ እመት ሐዋን፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ምን ብለን ለቀብር እናወጣቸዋለን? ቅሬተኛው ምን ይለናል?»

እኔም ሰው እፈልጋለሁ ብዬ ወጣሁ። ማንን እንደምፈልግ ግን አላውቅም። የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ የኔን ዝምታ ሜዳ ላይ ቆሞ ሰምቶታል፤ ማንን ዓይኑን አይቼ «በቦታዬ ቁምልኝ» እላለሁ?

ወደ ድሮው ሰፈር ሄድኩ። የአያ ገበየሁ በር ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። ከውስጥ ባለቤቱ እትዬ አስካለ ስታስነጥስ ሰማሁ፤ ድሮም ጉም ሲወርድ እንዲህ ነበረች። በሩን ለመግፋት እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን ባዶ እጄን ነኝ፣ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ደግሞ አሁን ሸንጎ ላይ ያልኩት ከእኔ ቀድሞ እዚህ ቤት የደረሰ መሰለኝ። ተመለስኩ። ቆሜ ያለቀስኩት አውቶቡስ ማቆሚያው ዘንድ፣ በማያውቁኝ ሰዎች መሀል ነው።

ቤት ስገባ እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ትኩሳት ይዟት ከንፈሯ ደርቋል።

«ምን አሉህ?»

«ተስተካክሏል፣ እማ።»

«ገበየሁን አገኘኸው?»

አዎ አልኳት። ምን ላድርግ? መርዶ በሽማግሌ፣ በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገር፤ የታመመ ሰው ደግሞ መርዶ አይረዳም። ይህን ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሱን ሞት ብነግራት ቀጥሎ «ታዲያ አሁን ማን አለልን?» ትለኛለች፣ እኔም መልስ የለኝም።

ውሸቴ ግን አንድ ሳምንት አልሞላውም። ትኩሳቱ ሲለቃት እናቴ አንድ ነገር ካልሆነ አለች። «ገበየሁን በስልክ ላመስግነው።» ሩቅ ነው ብላት፣ ወረፋ አለው ብላት፣ ጉልበትሽ ብላት፣ አልሰማ አለችኝ። ጋሪ ተከራይተን ቴሌ ወሰድኳት። ለደሴው ሰፈራችን ቅርብ የሆነው ስልክ የባለሱቁ የሐጂ ነው፤ እዚያ ደውለን የገበየሁን ቤት ጥሩልን አልን። ሐጂ አሁን ማንን እንደሚጠራ አያጣውም፤ አስካለን ነው። እኔ ወረፋው ላይ ተቀምጬ መስመሩ እንዲበላሽ ዱዓ ሳደርግ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ሁሌ ይበላሻል፣ ያን ቀን ግን እንደ ውሃ ጠራ።

እናቴ ጆሮዋ ይከብዳታል። የምትሰማውን ሁሉ ደግማ ካልተናገረች የሰማች አይመስላትም። መያዣውን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች።

«አስካለ! ሐዋ ነኝ! ... ሐዋ! ... አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። አንቺስ? ... በይ ገበየሁን አቅርቢልኝ፣ ላመስግነው ብዬ ነው። ... ምን አልሽኝ?»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የእናቴ ቅንድብ ተሰበሰበ። እኔ ያን ጊዜ አለቀ ብዬ ነበር።

«ጮኽ በይ፣ አይሰማኝም። ... ቀብር? ... ቀብር ሄደ?» ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ። «እሱማ ምን ጊዜም እንደሄደ ነው! የማን ቀብር ነው? ... እሺ። እሺ የኔ እናት። ... አዎ፣ ይቆያል፣ ቆፋሪ ጠፍቷል አሉ። ሲመጣ በይልኝ፣ በእኛም ስም መመለሱን እንዳይተው በይልኝ። አላህ ይስጥልኝ፣ አንቺንም።»

ወደኔ ዞረች። «አላልኩህም? ቀብር ላይ ነው። እንካ፣ አንተን ትፈልጋለች።» ብላ መያዣውን ሰጠችኝና በትሯን እየተደገፈች ወደ ጋሪው ወጣች።

«ሰይድ» አለች እትዬ አስካለ። ድምፅዋ ቅርብ ነበር፣ በግድግዳው በኩል እሰማት እንደነበረበት ጊዜ።

«አቤት።»

«ዋሸሁልህ። ለእናትህ ብዬ ነው እንጂ ላንተ አይደለም።» ቀጠለች። «በሬ ድረስ መጥተህ ስትመለስ አይቼሃለሁ። ትገባለህ ብዬ መቀመጫ ጠርጌ ነበር። ለቅሶዬን መቼ ነው የምትደርሰኝ?»

የስልክ ቤቷ ልጅ መሀል ገብታ «ደቂቃው አልቋል፣ ይጨመር?» አለች። ይጨመር ማለት ነበረብኝ። መያዣውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ውጭ ፀሐዩ ይጠብሳል። እናቴ ጋሪው ላይ ተመቻችታ ተቀምጣ ለባለጋሪው እያወራች ነው። ደሴ ላይ ቤት ባይኖራትም ሰው እንዳላት፣ ቀኗ ሲደርስ ተሸክሞ ባሏ ጎን የሚያሳርፋት፣ ስሟ ሲጠራ የሚመልስላት ሰው እንዳላት ትነግረዋለች። ባለጋሪው «መታደል ነው፣ እናቴ» አላት። እኔም ወጥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ።